«እታለም» ብሎ የሚጠራኝ ልጄ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 42 ዓመቴ ነው። ልጄ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሲሆነው ለእናቴ ትቼው ቤሩት ሄድኩ። አባቱ ገና ሳይወለድ ጥሎን ጠፍቷል። ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ተመለስኩ። ልጄ አሁን 18 ዓመቱ ነው። እናቴን «እማ» ይላታል፣ እኔን «እታለም»። የ12ኛ ክፍል ፈተና አላለፈም። የግል ኮሌጅ ላስገባህ ስለው «ሞባይል ጥገና ነው የምማረው» አለኝ። ተናደድኩና «ለዚህ ነው የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ የኖርኩት?» አልኩት። «እኔ ሂጂ አልኩሽ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ክፍል ነው የሚተኛው። እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። እናቴ «ልጁን ተይው» ትለኛለች። አንዳንዴ ልጄን የነጠቀችኝ ይመስለኛል። ይህን ስጽፍ ራሱ አፍራለሁ። ልጅ በሕፃንነቱ እምነት ካልያዘ ዕድሜ ልኩን ሰው አያምንም የሚል ነገር አነበብኩና እንቅልፍ አጣሁ። በየልደቱ ጫማ እልክለት ነበር። እናቴ እግሩን በክር ለክታ በስልክ በስንዝር ትነግረኛለች። ይዞለት የሚመጣ ሰው እስካገኝ ግን እግሩ ያድጋል። ሁሉም ጠበበው። እናቴ እስካሁን በካርቶን አድርጋ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣቸዋለች። ልጄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዕድሜያችን ስለሚቀራረብ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ጫማው ጋ ስደርስ ቆሜያለሁ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ እንቅልፍ ለነሳሽ ጥያቄ፦ አላበላሸሽውም። ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ያነበብሽው ነገር መነሻው ኤሪክ ኤሪክሰን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ሕይወት ከውልደት እስከ እርጅና በስምንት ደረጃዎች ከፍሎ አስረዳ። በየደረጃው ሰው የሚታገለው አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ። የመጀመሪያው ከውልደት እስከ አንድ ዓመት ከግማሽ ገደማ የሚቆየው ነው። ጥያቄውም «ይሄ ዓለም ይታመናል ወይ?» የሚል ነው። ሕፃን መልሱን በቃል አይሰማም። ሲርበው ጡት ይመጣል? ሲያለቅስ የሚያነሳው አለ? ትናንት የመጣው ሰው ዛሬም ይመጣል? መልሱ ይሄ ነው።

አሁን ወሩን ቁጠሪ። አንድ ዓመት ከስምንት ወር አብራችሁ ነበራችሁ። ያጠባሽው አንቺ ነሽ። ያዘልሽው አንቺ ነሽ። ሌሊት የተነሳሽለት አንቺ ነሽ። ያ የፈራሽው ደረጃ ከመሄድሽ በፊት አልፏል፤ ያለፈውም በአንቺ እጅ ነው። ስትሄጂ ደግሞ ከጀርባሽ ወደ እናትሽ ጀርባ ተሻገረ። ቤቱ ያው ቤት ነው። ሽታው፣ አልጋው፣ የሚጠራበት ድምፅ ያው ነው።

ኤሪክሰን አንድ ደረጃ በደንብ ካልተሠራ በሩ ለዘላለም ይዘጋል አላለም። ሰው ሲያድግ የድሮው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣል፣ መልሱም ሊሻሻል ይችላል። ትንሽ ጥርጣሬም ለልጅ ያስፈልገዋል። ሁሉን የሚያምን ልጅ መንገድ ላይ ሲወጣ ይጎዳል።

መሄድሽ አልጎዳውም ግን አልልሽም። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ ከእናታቸው የተለዩ ሕፃናት ምን እንደሚሆኑ ጽፏል። መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ይፈልጋሉ። ቀጥሎ ዝም ይላሉ፣ ያዝናሉ። በመጨረሻ የረሱ ይመስላሉ። እናት ስትመለስ ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ። ብዙ ከአረብ አገር የተመለሱ እናቶች «ልጄ ረሳኝ» ብለው አልቅሰውብኛል። ልጁ ፊቱን ያዞረው ረስቶ አይደለም። ደግሞ እንዳይጎዳ ራሱን እየጠበቀ ነው። የሚያውቀው ሰው በሚያውቀው ቤት ሲይዘው ግን ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል። እናትሽ ያደረጉልሽ ይህን ነው። ስለዚህ «ነጠቀችኝ» የሚለውን ቃል እስቲ አንድ ጊዜ «አቆየችልኝ» በሚለው ቀይረሽ ለራስሽ በይው። ውስጥሽ እሺ ባይልሽም ዝም ብለሽ በይው።

«እታለም» መባሉንም አትጥይው። ልጅ የቤቱን አጠራር ነው የሚማረው። አያት ያሳደጋቸው ስንቶቻችን ነን እናታችንን እንዲህ እየጠራን ያደግነው! ቃሉ ፍቅርም አክብሮትም አለበት። «እማዬ በለኝ» ብለሽ ብታስገድጂው ቃሉን ታገኛለሽ፣ ልጁን ግን ታርቂዋለሽ።

አሁን ወደ 18 ዓመቱ እንምጣ። የእሱ የዕድሜ ጥያቄ «እኔ ማነኝ?» የሚለው ነው። እስቲ በእሱ ቦታ ሁኚ። አባቱን አያውቅም። እናቱ ስምንት ዓመት የስልክ ድምፅ ነበረች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንተ ምንድነህ?» ሲባል «ተማሪ» ነበር መልሱ። እሱም በአንድ ውጤት ተወሰደበት። በነገራችን ላይ እሱን ብቻ ሰነፍ እንዳታደርጊው። በ2015 ዓ.ም. ይህን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህ ሁሉ ወጣት በአንድ ቀን «ታዲያ እኔ ምን ልሁን?» ብሎ ቤቱ ተቀምጧል።

ልጅሽ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። «ሞባይል ጥገና» ብሏል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጄምስ ማርሺያ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1966 የኤሪክሰንን ሐሳብ ይዞ ወጣቶችን በአራት ቦታ መድቧቸዋል። ማንነታቸውን ፈልገው ያገኙ አሉ። ገና በመፈለግ ላይ ያሉ አሉ። ሳይፈልጉ ወላጅ የሰጣቸውን እንደ ልብስ የለበሱ አሉ። ነገሩ ጭራሽ ያላስጨነቃቸውም አሉ። ልጅሽ ገና በመፈለግ ላይ ካሉት ውስጥ ነው። ችግሩ፣ እየፈለገ ያለ ወጣት ቤት ውስጥ ሲያዩት ሥራ ፈት ይመስላል። ኮሌጁን ተጭነሽ ብታስገቢው ዝም ብሎ ይገባ ይሆናል። ያን ጊዜ ሦስተኛው ቦታ ገባ ማለት ነው። በ30 ዓመቱ «ይሄን እኮ እኔ አልመረጥኩትም» ሲል ታገኚዋለሽ።

ኤሪክሰን ራሱ እንዴት እንዳደገ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1902 ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ተወለደ። እናቱ የዴንማርክ አይሁዳዊት ናት። የወለደውን አባት አንድም ቀን አላወቀውም። ሦስት ዓመት ሲሆነው እናቱ የሕፃናት ሐኪም አገባች። «አባትህ እሱ ነው» ተብሎ አደገ። ልጁ ግን ቁመቱ ረዥም፣ ፀጉሩም ወርቃማ ነበር። ምኩራብ ሲሄድ አይሁዳዊ አይመስልም እያሉ ይቀልዱበታል። ትምህርት ቤት ደግሞ አይሁዳዊ ነህ ብለው ይሰድቡታል። እውነቱን የሰማው አድጎ ነው። በኋላ አሜሪካ ገብቶ ዜግነት ሲያገኝ «ኤሪክሰን» የሚለውን ስም ራሱ መርጦ ወሰደ። ዛሬ ሁላችንም የምንለውን «የማንነት ቀውስ» የሚል ስም ለዓለም ያስተዋወቀው ይህ ሰው ነው። የማንነት ጥያቄ ይህን ያህል ያስጨነቀው ከቤቱ የተደበቀ ነገር ስለነበረ ይመስለኛል።

ይህን ያነሳሁት «እኔ ሂጂ አልኩሽ?» የሚለው የልጅሽ ንግግር ከአእምሮዬ ስላልወጣልኝ ነው። አንቺ ስድብ ሆኖ ተሰማሽ። ለእኔ ግን ጥያቄ ነው። «ለምን ሄድሽ?» እያለሽ ነው። ማንም ነግሮት ያውቃል? በደብዳቤሽ ውስጥ የነገርሽበት ቀን የለም። ስንት ብር በእጅሽ ነበር? ማን ነው ያበደረሽ? የወጣሽ ለት ተኝቶ ነበር ወይስ አይቶሻል? ይህን የማያውቅ ልጅ ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል። ልጅ ደግሞ ሲሞላው አብዛኛውን ጊዜ «ስላልፈለገችኝ ነው» ብሎ ነው። አባቱም እንደዚያው። ስለ አባቱ የምታውቂውን ሳትረግሚ፣ ሳትቀቢም፣ እውነቱን ንገሪው።

አሁን ስለ አንቺ። የአርባዎቹ ዕድሜ የራሱ ጥያቄ አለው። «ማንን አሳደግኩ? ከእኔ ምን ይቀራል?» «ለዚህ ነው የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ የኖርኩት?» ያልሽው ከዚያ የወጣ ነው። ሕመሙ ይገባኛል። ስምንት ዓመት ተሸጦ የተገዛ ነገር ፊትሽ ሲበላሽ አየሽ። ግን እህቴ፣ ይህ ያንቺ ፈተና ነው። ልጅሽን ያንቺ ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ አትፈተኚበት። እሱ የራሱ አለው። አንቺ የምታስተላልፊው ነገር በልጁ ዲግሪ ብቻ አይለካም። ሰፈርሽ ውስጥ ነገ ለመሄድ ሻንጣ የሚገዙ ልጆች አይጠፉም። ከአንድ ደላላ ይልቅ ያንቺ አንድ ከሰዓት ይጠቅማቸዋል። አረብኛሽ፣ ስለ ፓስፖርትና ስለ ደመወዝ የምታውቂው፣ ማንም ያልነገረሽ ነገር ሁሉ።

እናትሽ ደግሞ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ናቸው። ወደ ኋላ ዞረው «ኑሮዬ ከንቱ ነበር ወይስ አልነበረም?» የሚሉበት ዕድሜ ነው። ያሳደጉት የልጅ ልጅ የእሳቸው ትልቁ መልስ ነው። ከእሳቸው ጋር ስለ ልጁ ስትሻሚ የምትነኪው ያን ነው። እንደዚያም ሆኖ እናትሽም የሚያርሙት ነገር አለ። አንቺ ስትናገሪ እሱ ፊት «ተይው» ማለታቸው ልጁን ከሁለታችሁ መሃል ያስመርጠዋል። ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ እሱ ሳይኖር ንገሪያቸው። «እማዬ፣ አንቺ አሳድገሽልኛል። አሁን ከጎኔ ሁኚልኝ» በያቸው። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ከልጅሽ ጋር ግን ከይቅርታ ነው የምትጀምሪው። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አይሁን፤ እሱም ይጨነቃል፣ አንቺም ታለቅሻለሽ። አብራችሁ መንገድ ስትሄዱ ወይም ሽንኩርት ስትከትፊ ይሁን። «ያን ቀን የተናገርኩህ ልክ አልነበረም። አንተ ሂጂ አላልከኝም። የሄድኩት እኔ ወስኜ ነው» በይው። በቃ። «ግን» የሚል ቃል እንዳይከተለው ተጠንቀቂ። ዝም ቢልሽ እንዳትደነግጪ፤ ሰምቶሻል።

ስለ ሞባይል ጥገናው፦ ቦታውን አብራችሁ ሄዳችሁ እዩት። ለኮሌጁ ካስቀመጥሽው ላይ ክፈይለትና የስድስት ወር ስምምነት አድርጉ። በየቀኑ ይሄዳል፣ ከስድስት ወር በኋላ ቁጭ ብላችሁ ታወራላችሁ። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ደረጃውን እየጨመረ ሊማረውም ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ምግብ ካቆመ፣ እንቅልፍ ከጠፋው፣ ወይ «ብሞት ይሻለኛል» ዓይነት ወሬ ከጀመረ ስድስት ወሩን አትጠብቂ። ያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ቀጥሎ ጫማው። አንድ እሑድ ቡና አፍሉ። ካርቶኑን ከቁም ሳጥኑ ላይ እናትሽ ያውርዱት፣ እሱ ይክፈተው። አንቺ «አየህ ያደረግኩልህን?» እንዳትዪ። ይህ ከአፍሽ ከወጣ ጫማው ዕዳ ይሆንበታል። እናትሽ በክር እንዴት ይለኩ እንደነበር ይንገሩት። አንቺ ደግሞ ስንዝሩን ከሰማሽ በኋላ ቤሩት ገበያ ቆመሽ በእጅሽ ጫማ ስትለኪ እንዴት እንደነበር ንገሪው። የትኛው የስንት ዓመቱ እንደነበር አብራችሁ ደርድሩት። ትንሿን ጫማ እጁ ላይ ሲያስቀምጣት አትናገሪ። የሚጠይቅሽ ነገር ካለ ያኔ ይጠይቅሻል፤ ካልጠየቀም ካርቶኑ ወደ ቁም ሳጥኑ ላይ አይመለስ። እሱ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ።