አቢ ሮድ ስም ብቻ ነው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ሎንደን ስላለው የአቢ ሮድ ሙዚቃ መቅጃ ስቱዲዮ የጠየቅሽውን ጥያቄ አሁን ነው ያየሁት። "ሁሉ ነገር ላፕቶፕ ውስጥ ባለበት ጊዜ አርቲስቱ ሁሉ አቢ ሮድ ካልቀዳሁ የሚለው ለስሙ ነው ወይስ እውነት የተለየ ነገር አለው? እኔስ ዘፈኔን በኦንላይን እዚያ ማስተር ባስደርግ ያዋጣኛል?" ነው ያልሽው (ማስተር ማለት ያለቀ ዘፈን ከመውጣቱ በፊት ድምፁ የሚስተካከልበት የመጨረሻው ስራ ነው)። ከስሩ ብዙ ሰው "ቢትልስ ስለቀዱበት ነው በቃ" ብሎ አልፏል፣ የ1960ዎቹን ዝነኛ የእንግሊዝ ባንድ ማለታቸው ነው። እኔ ሪከርዲንግና ሚክሲንግ (የተቀዱ ድምፆችን ማዋሃድ) ላይ አስራ ምናምን ዓመት ቆይቻለሁ፣ ቦታውንም አንድ ጊዜ ገብቼ አይቼዋለሁ፣ እና ግማሹ ስም ነው፣ ግማሹ ግን ክፍሉ ነው ባይ ነኝ። ይረዝማል ቻይኝ፣ ዓመቶቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ከራሴ ልጀምር። አንድ ጊዜ ስድስት ልጆች ያሉበት የሃርመኒ ቡድን ልቀዳ ተነሳሁ። የምሰራበት ክፍል ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ዙሪያውን ስፖንጅ የተለጠፈበት ነው፣ ስታጨበጭቢ ድምፁ እዚያው እጅሽ ላይ የሚሞት ዓይነት። ልጆቹን አንድ በአንድ ሄድፎን አስደርጌ ቀዳኋቸው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ንጹህ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ስደምራቸው ግን ስድስት ሰው ከስድስት ቤት ስልክ ደውሎ የሚዘፍን ነው የሚመስለው! የአቢ ሮድን ኢኮ ቻምበር (የማሚቶ ክፍል፣ ኋላ እነግርሻለሁ) የሚኮርጅ ፕላግኢን፣ ማለትም መቅጃው ሶፍትዌር ላይ የሚጨመር ፕሮግራም፣ አለ፣ እሱን ጫንኩበት፣ ትንሽ አማረ እንጂ ድምፆቹ አልተዋሃዱም። ሁለት ሌሊት ከታገልኩ በኋላ ተስፋ ቆርጬ አንድ ባዶ አዳራሽ ወሰድኳቸውና ክብ ሰርተው እንዲቆሙ አድርጌ በሁለት ማይክ ቀዳኋቸው። በሦስተኛው ቴክ (ሙከራ) አለቀ። አንደኛዋ ልጅ ጎኗ ያለውን ልጅ ስትሰማ ድምጿን ዝቅ ስታደርግለት በዓይኔ አየሁ፣ ሄድፎን ውስጥ እያለች አንድም ጊዜ አላደረገችውም ነበር። ለአንቺ ጥያቄ የኔ መልስ ከዚያ ቀን ነው የሚነሳው።

አሁን ወደ አቢ ሮድ። ከመንገድ ስታዪው ሎንደን ሴንት ጆንስ ዉድ ሰፈር ያለ ነጭ መኖሪያ ቤት ነው፣ እውነትም መጀመሪያ መኖሪያ ቤት ነበር። ግራሞፎን ካምፓኒ የሚባለው ድርጅት 1929 ገዛውና ከጀርባው በነበረው ሰፊ ግቢ ላይ ስቱዲዮዎቹን ገነባ፣ ኅዳር 1931 እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤድዋርድ ኤልጋር የሎንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን እየመራ ተከፈተ። ስለዚህ ከመነሻው ለትልቅ ኦርኬስትራ ታስቦ የተሰራ ቤት ነው። ቢትልስ የመጡት ከዚያ ሠላሳ ዓመት ቆይተው ነው፣ ሰው ይሄን ይረሳዋል።

ስቱዲዮ አንድ የሚባለው 110 ተጫዋች ያለው ኦርኬስትራና 100 ሰው ያለው ኳየር (መዘምራን) አንድ ላይ የሚይዝ ነው። የፊልም ሙዚቃ ሰዎች የሚሄዱት ለዚህ ነው፣ ከ1980 ጀምሮ የፊልም ስራ ዋና እንጀራው ሆነ። ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ የሚተነፍስበትን ክፍል ላፕቶፕ አይሰጥሽም፣ እንደዚያ ያለ ክፍል ደግሞ በዓለም ላይ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ አብዛኛው ፈርሷል ወይ ሌላ ነገር ሆኗል።

እኔ የገባሁት ስቱዲዮ ሁለት ነው። ሎንደን ለስራ ሄጄ ሕዝብ የሚገባበት ፕሮግራም ስላገኘሁ ትኬት ቆርጬ። ሳልዋሽሽ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፣ የትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ ነው የሚመስለው፣ ነጭ ግድግዳ፣ የእንጨት ወለል፣ እዚህም እዚያም የተንጠለጠለ ድምፅ መምጠጫ ጨርቅ። ኮንትሮል ሩሙ ፎቅ ላይ ነው፣ ኢንጂነሩ ከላይ በመስኮት ቁልቁል ያይሻል፣ ለመነጋገር ወይ በማይክ ነው ወይ ያንን ደረጃ ወጥተሽ ነው። በኋላ ዞር ዞር ስል አንዱ ሰውዬ ቀስ ብሎ አጨበጨበ፣ አፈረና እጁን ኪሱ ከተተ፣ ግን ሁላችንም ያንኑ ልናደርግ ፈልገን ነበርና ተራ በተራ ማጨብጨብ ጀመርን ሃሃ። ድምፁ ከፍ ብሎ ሄዶ አጠር ብሎ ይመለሳል፣ እንደ ቤተክርስቲያን አይጎተትም፣ እንደኔ ክፍልም አይሞትም። ከበሮ እዚህ ቢመታ አልኩ በልቤ።

የኢኮ ቻምበሩ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አይገባውም። ቀላል ነገር ነው። ባዶ ክፍል፣ አንድ ስፒከር፣ አንድ ማይክ። ቮካሉን (የዘፋኙን ድምፅ) በስፒከሩ ትለቂዋለሽ፣ ግድግዳው እየተቀባበለ ሲመልሰው በማይኩ መልሰሽ ትቀጂዋለሽ፣ ሪቨርብ (የድምፅ ማስተጋባት) ማለት ያኔ ይሄ ነበር። የስቱዲዮ ሁለቱ ቻምበር ውስጥ ወፋፍራም የፍሳሽ ቱቦዎች፣ አዎ የሸክላ የፍሳሽ ቱቦ፣ እንደ ምሰሶ ቆመዋል፣ ስራቸው ድምፁ በሁለት ግድግዳ መሃል ቀጥ ብሎ እንዳይመላለስ መበተን ነው። እኔ ፕላግኢኑን ስጠቀም የኖርኩት ሰው ይሄን እስካውቅ ድረስ ምን እንደምኮርጅ አላውቅም ነበር።

መሳሪያው ነው የምትሉ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። 1967 የቢትልስ ሳርጀንት ፔፐር አልበም የተቀዳው በባለ 4 ትራክ ቴፕ ነው፣ ማለትም አራት ድምፅ ብቻ ለየብቻ የሚይዝ። አራት! ዛሬ ስልክሽ ላይ ያለው አፕ ይበልጠዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ የመጀመሪያ አልበማቸውን ሊሞሉ የካቲት 11 ቀን 1963 ስቱዲዮ ሁለት ገብተው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ማታ 5 ሰዓት ገደማ አስር ዘፈን ቀዱ፣ በአንድ ቀን። ዘፋኛቸው ሌኖን ጉንፋን ይዞታል፣ ጉሮሮውን የሚጨርሰውን ዘፈን ሆን ብለው መጨረሻ ላይ አስቀመጡት፣ በአልበሙ ላይ የምትሰሚው የመጀመሪያው ቴክ ነው፣ ሁለተኛውን ሲሞክሩ ድምፁ አልቆ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ተያይተው ባይጫወቱ ኖሮ ያ ነገር አይወጣም ነበር ነው የምለው፣ የተለየ ሃሳብ ያለው ይምጣ።

እና ሰዎቹ አሉ። በዚያ ዘመን የቴክኒክ ሰራተኞቹ እንደ ላቦራቶሪ ነጭ ጋዋን ለብሰው ነበር የሚሰሩት፣ የጎደለ ነገር ሲኖርም እዚያው ይሰሩት ነበር። ሌኖን ቮካሉን ሁለቴ እየዘፈነ መደረብ ሲሰለቸው ኬን ታውንሴንድ የሚባል የቤቱ ኢንጂነር 1966 ላይ ሁለተኛ የቴፕ ማሽን አገናኝቶ አንዱ ድምፅ ራሱን እንዲደርብ የሚያደርግ ዘዴ ፈጠረ። ዛሬ ደብለር ብለን በአንድ ክሊክ የምንጭነው ከዚያ የመጣ ነው። ሚሲስ ሚልስ የሚሉት አሮጌ ስታይንዌይ ፒያኖም አለ፣ 1905 የተሰራ፣ መዶሻዎቹን በላከር (እንደ ቫርኒሽ ያለ ቅብ) አጠንክረው ጥርት ያለ ሻካራ ድምፅ እንዲሰጥ ያደረጉት፣ እስከዛሬ እዚያው ነው፣ አርቲስት ለእሱ ብቻ ብሎ ይመጣል።

ስሙ አይሰራም አላልኩም። 1969 ቢትልስ ከስቱዲዮው ፊት ያለውን መንገድ ሲሻገሩ የተነሱት የአልበም ሽፋን ፎቶ ከወጣ ወዲህ የእግረኛ መሻገሪያው ራሱ 2010 ላይ በቅርስነት ተመዝግቧል፣ የውጪው አጥር በአድናቂ ጽሁፍ ስለሚሞላ በየጊዜው ቀለም ይቀባል። እዚያ ክፍል መሃል የቆመ ዘፋኝ ዝም ብሎ አይዘፍንም፣ ይጠነቀቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይደነግጥና ያበላሻል።

የማስተሩ ጉዳይ ላይ፣ አገልግሎቱ እውነት አለ፣ የሚሰሩትም ጎበዞች ናቸው። ግን የምትከፍይው ለአንድ ኢንጂነር ጆሮ ነው፣ ዘፈንሽ ስቱዲዮ ሁለት አይገባም፣ የፍሳሽ ቱቦዎቹንም አያይም። ቮካልሽ እንደኔ ስፖንጅ ክፍል ሞቶ ከተቀዳ ሞቶ ነው የሚመለሰው፣ ጮክ ብሎ ብቻ። ስለዚህ ፓውንዱን ከመላክሽ በፊት ጣሪያው ከፍ ያለ ቦታ ፈልጊና ባንዱን አንድ ላይ አቁመሽ አንድ ቀን ሞክሪ። አሁን ያለሽን ሚክስ በውስጥ ላኪልኝ፣ ሄድፎን ሳላደርግ በስፒከር ሰምቼ የሚሰማኝን እነግርሻለሁ።