ለትኋን ርጭት ቤትን ስለማዘጋጀት፦ ለጠየቁን እህት መልስ

ውድ እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስም ካለባቸው እናትዎና ከአንድ ዓመት ተኩል ልጅዎ ጋር እንደሚኖሩ፣ የትኋን መድኃኒት የሚረጭ ባለሙያም ለሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እንደቀጠሩ ነግረውን፣ «ዕቃውን ሁሉ ወደ ኮሪደሩ ላውጣ? ፍራሾቹንስ ልጣላቸው?» ብለው ጠይቀዋል። ሁለቱንም እንዳያደርጉ እለምንዎታለሁ። እኔ የካ አባዶ ተከራይቼ በምኖርበት ጊዜ ሁለቱንም አድርጌ ገንዘቤንም የሦስት ወር እንቅልፌንም አጥቻለሁ። በሁለተኛው ዙር ግን ቤቱን እንደሚገባ አዘጋጅቼ ስለተገላገልኩ፣ ልዩነቱን በዝርዝር ልንገርዎ።

በመጀመሪያው ዙር የጠራሁት ሰው ምን ማዘጋጀት እንዳለብኝ አንድም ቃል ሳይነግረኝ መጥቶ፣ ወለሉንና የግድግዳውን ጥጋጥግ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ረጭቶ ሄደ። እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ከዋዜማው ጀምሮ ልብሱን በማዳበሪያ ሞልቼ፣ ፍራሹን እንዳለ ተሸክሜ፣ አንዱን አሮጌ ፍራሽ ደረጃው ሥር ጥዬ፣ የቀረውን ጎረቤቴ ቤት አስቀምጬ ነበር። ትኋኖቹ ከዕቃው ጋር ወጡ፤ መድኃኒቱ ባዶ ክፍል ላይ አረፈ፤ በሦስተኛው ቀን ዕቃው ሲመለስ እነሱም አብረው ተመለሱ። ከሁሉ በላይ ያዘንኩት ግን ያቺ ደግ ጎረቤቴ ከአንድ ወር በኋላ የልጆቿን ክንድ ገልጣ ባሳየችኝ ጊዜ ነው። የጣልኩትንም ፍራሽ ለካ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ወስዶ ይተኛበት ኖሯል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ እንኳ ይህን ይያዙልኝ፦ ከመኝታ ክፍል የሚወጣ ማንኛውም ዕቃ ወይ በሙቀት ታክሞ ወይ በላስቲክ ታሽጎ ይውጣ፤ ያለዚያ ባለበት ይቆይ።

ትኋን አይበርም፣ አይዘልምም። ከቦታ ቦታ የሚሄደው በእግሩ እየዳኸ ወይም እኛው ሳናውቀው ተሸክመነው ነው። ቀን ቀን ከምንተኛበት ብዙ ሳይርቅ በቀጭን ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፤ ሳይመገብም ወራት ሊቆይ ስለሚችል ቤቱን ለሁለት ሳምንት ዘግቶ ዘመድ ቤት መክረም ምንም አይፈይድም። እንቁላሉ በስድስትና በአሥር ቀን መካከል ይፈለፈላል፤ አብዛኞቹ የሚረጩ መድኃኒቶች ደግሞ እንቁላሉን አይገድሉትም። ባለሙያው በሁለት ሳምንት ገደማ ተመልሶ መምጣት ያለበት በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ የሁለተኛውን ዙር ቀንና ዋጋ ከአሁኑ ይነጋገሩ፤ «አንድ ጊዜ ይበቃል» የሚል ከሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ። የመድኃኒቱንም ስም ይጠይቁት። ትኋን ፓይረትሮይድ የሚባሉትን የተለመዱ መድኃኒቶች በብዙ የዓለም ክፍሎች ስለተላመደ፣ በሁለተኛው ዙር ሌላ ዓይነት ለመጠቀም ዝግጁ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

እስከ ቅዳሜ ባለው ጊዜ ፍሊት አይንፉ፤ ነጭ ጋዝም አያፍስሱ። ፍሊት ያገኘውን ጥቂቱን ገድሎ የቀረውን ወደ ሌላ ክፍልና ወደ ጎረቤት ይበትነዋል፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ ቤት ያቃጥላል። በገበያ በውሃ ፕላስቲክ እየተሞላ የሚሸጠውን ማላታይን ሰው ቢመክርዎት በፍጹም እሺ አይበሉ። ለእህል የሚሆን መድኃኒት አስም ያለባቸው እናትና ሕፃን በሚተኙበት ክፍል አይገባም።

ትልቁ ሥራ የልብሱ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ይህ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። እኔ ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካኑንና በርሜሉን ሁሉ ሞልቼ አንሶላውን፣ የትራስ ልብሱን፣ ጋቢውንና የሌሊት ልብሱን በሁለት ቀን ጨረስኩ። ትኋንንና እንቁላሉን የሚገድለው ሳሙናው ሳይሆን ሙቀቱ ነው፤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ውሃ ሁለቱንም ይገድላል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚሉ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ቢሆን ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ጋር ሳፋ ውስጥ ቀላቅዬ፣ ልብሱን ሙሉ በሙሉ አጥልቄ፣ ክዳን ደፍቼ ግማሽ ሰዓት ካቆየሁ በኋላ ነበር የማጥበው። ሕፃኑ በዚያ ሰዓት ከሳፋው እንዲርቅ ይጠንቀቁ። ጥበብ ያለው የሀገር ልብስ በፈላ ውሃ ቀለሙ ስለሚለቅ፣ ስፌቱንና እጥፋቱን ቀስ ብለው በጋለ ካውያ ይተኩሱት። በፀሐይ ማስጣቱን ብዙ ሰው ይመክራል፤ ነገር ግን ትኋኑ ሙቀቱ ሳይደርስበት ወደ ጥላው በኩል ስለሚሸሽ በዚህ ብቻ አይተማመኑ።

የታከመው ልብስ ወዲያው ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ገብቶ አፉ በፕላስተር ይታሸግ፤ እስከ ሁለተኛው ርጭት ድረስም የዕለቱን እያወጡ ይልበሱ። ማዳበሪያ ግን አይጠቀሙ፤ ሽመናው ትኋን ያሳልፋል። ያልታከመውንና የታከመውን ለመለየት እኔ በአንዱ ላይ ቀይ ክር አስሬ ነበር፤ ትንሽ ነገር ቢመስልም በዚያ ግርግር መካከል ከብዙ ስሕተት አድኖኛል።

አልጋውን ባለሙያው ከመድረሱ በፊት ይፍቱት። እኔ ካቻቢቴ ይዤ የራስጌውን ብሎን ስፈታ፣ ከአንዲት የብሎን ቀዳዳ ብቻ የወጣው ትኋን ብዛት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። የሚፈልጉት ቀለም የተንጠባጠበ የሚመስሉ ጥቁር ነጠብጣቦችን፣ ያወለቁትን ስስ ቆዳና በእንጨቱ ላይ የተጣበቁ ነጫጭ እንቁላሎችን ነው። ርብራቡን፣ መጋጠሚያውን፣ የብረት አልጋ ከሆነም የቧንቧውን አፍ በጠንካራ ብሩሽ ፍቀው የወደቀውን በሳሙና ውሃ ውስጥ ይጣሉት። ይሁን እንጂ የአልጋውን ጣውላዎች ከክፍሉ አያውጧቸው፤ ባለሙያው እያንዳንዱን መጋጠሚያ እንዲረጭ ግድግዳ ሳይነኩ ወለሉ ላይ ተዘርግተው ይጠብቁት። ቁም ሣጥኑና ሶፋው ከግድግዳ ይራቁ፤ የቁም ሣጥኑ መሳቢያዎች ወጥተው ይገልበጡ፤ የግድግዳ ሰዓት፣ ካላንደርና የቅዱሳን ሥዕል ካለ ይውረድና ጀርባው በጥንቃቄ ይታይ። ሶኬት ውስጥ ፈሳሽ እንዳይረጭ አጥብቀው ይንገሩት፤ እዚያ የሚያስፈልገው ዱቄት መሳዩ መድኃኒት ነው፤ እርሱም ቆጣሪው ጠፍቶ ይደረጋል።

ስለ ፍራሾቹ፦ የስፖንጅ ፍራሽ ከሆነና ካልተቀደደ አይጣል። ስፌቱን ፍቀው፣ ዚፕ ያለው ወፍራም የላስቲክ ልባስ አሰፍተው ያልብሱትና ቢያንስ ለአንድ ዓመት አይክፈቱት፤ ውስጥ የቀረው በረሃብ ያልቃል። የልጅዎ ፍራሽና ትራስ በምንም ዓይነት እንዳይረጭ፤ ልባሱ ይበቃዋል። የጥጥ ፍራሽዎ ተቀዳዶ ከሆነ ብቻ፣ ማንም አንስቶ እንዳይተኛበት እዚያው ክፍል ውስጥ ቆራርጠው፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣ «ትኋን አለበት» ብለው ጽፈውበት ያስወግዱት።

ወጥ ቤቱ ቀላል ነው። ትኋን ምግብ አይፈልግም፤ ዕቃውን የምናነሣው ለመድኃኒቱ ብለን ነው። ሊጡን፣ እንጀራውንና የልጁን ወተት ያውጡ፤ መሶቡ ሽታ ስለሚይዝ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይውጣ፤ ምጣዱና ድስቱ ይሸፈኑ። ድመት ካለች ጨርሶ ቤት ውስጥ አትዋል፤ ፓይረትሮይድ፣ በተለይ ፐርሜትሪን የሚባለው፣ ለድመት እጅግ አደገኛ ነው።

እናትዎና ሕፃኑ በርጭቱ ቀን ከጠዋቱ ጀምረው ሌላ ቦታ ይዋሉ፤ ሲወጡም በሙቅ ውሃ የታከመ ልብስ ለብሰው፣ ሌላ ሻንጣ ሳይዙ ይውጡ። ባለሙያው የሚነግርዎት የመመለሻ ሰዓት ከደረሰ በኋላ መስኮቶቹን ከፍተው ቤቱን በደንብ ያናፍሱ፤ እናትዎ ግን በማግሥቱ ቢመለሱ ይሻላል። ከርጭቱ በፊት ሐኪማቸውን ቢያማክሩና የሚነፉት መድኃኒታቸው እጃቸው ላይ መኖሩን ቢያረጋግጡ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ይጠይቃል። የግድግዳውን ጥግና የአልጋውን መጋጠሚያ እስከ ሁለተኛው ዙር አይጠቡ፤ መድኃኒቱ እየቆየ የሚሠራው ትኋኑ ሲሄድበት ነው። ልጅዎ የሚድህበትንና እጁ የሚደርስበትን መካከለኛውን ወለል ግን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። ብዙ ሰው ከርጭት በኋላ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ይመርጣል፤ እርስዎ ግን በዚያው አልጋ ይተኙ፤ አለበለዚያ የተራቡት ተከትለውዎት ሳሎኑን ይወርሩታል። አልጋው ከግድግዳ ይራቅ፤ ብርድ ልብሱ መሬት አይንካ፤ አራቱም እግሮቹ ልሙጥ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ይቁሙ። ትኋን ልሙጥ ፕላስቲክ መውጣት ብዙውን ጊዜ ስለሚያዳግተው፣ ሳህኑ ውስጥ የወደቀውን በየጠዋቱ ማየት ርጭቱ መሥራት አለመሥራቱን ከማንም በፊት ይነግርዎታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ቢነክስዎ አይደንግጡ፤ ከሁለተኛው ዙር በኋላም ሳህኑ ውስጥ በሕይወት ያለ ከተገኘ ግን ባለሙያውን መልሰው ይጥሩት።

በመጨረሻ የግድግዳ ተጋሪ ጎረቤቶችዎን ከቅዳሜ በፊት ያነጋግሩ። ትኋን የቆሻሻ ቤት ምልክት አይደለም፤ በሽታ እንደሚያስተላልፍም አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም። በኤሌክትሪክ ቱቦና በግድግዳ ስንጥቅ በኩል ከቤት ወደ ቤት ስለሚያልፍ፣ የእርስዎ ቤት ብቻ ተረጭቶ የእነርሱ ቢቀር ሥራው ግማሽ ነው። እኔ በሁለተኛው ዙር ያቺን ጎረቤቴን ይቅርታ ጠይቄ ሁለቱን ቤቶች በአንድ ቀን አስረጨን፤ ባለሙያውም ዋጋውን ቀነሰልን። ቅዳሜ ዕለት ባለሙያው መጥቶ ያየውን ይጻፉልኝ፤ በተለይ የአልጋውን መጋጠሚያ ሲፈቱ ያገኙትን።