መልስ፦ ችግሩ ከእርስዎ አይደለም
«ስለ ልጅ እገታ የተጻፈውን የመርማሪ ልብ ወለድ ጨርሼ ቅር አለኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ይሆን?» ብለው ለጠየቁት፦ አይደለም፣ የመጽሐፉ ነው። አጀማመሩ ልብ ይሰቅላል፤ የእናትየዋ ጭንቀት በተለይ ግሩም ነው። አጋቹ ግን በመጨረሻው ምዕራፍ ከየት መጣ ሳይባል ዱብ ይላል። እንግሊዛዊው የመርማሪ ታሪክ ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ካወጣቸው የመርማሪ ታሪክ ደንቦች የመጀመሪያው፣ ወንጀለኛው ከጅምሩ ለአንባቢ ይተዋወቅ የሚል ነው። ይህን መጣስ አንባቢን መካድ ነው!

በእውኑ ዓለም እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በታገተው የዝነኛው አሜሪካዊ አብራሪ የቻርልስ ሊንድበርግ ሕፃን ጉዳይ ተጠርጣሪው የተያዘው የማስለቀቂያው ብር ኖቶች ቁጥር አስቀድሞ ስለተመዘገበ ነበር። የእኛ መርማሪ ግን ምንም አይመዘግብም፤ አጋቹ ራሱ ይናዘዝለታል። ልጁም ከታገተ በኋላ አንድ ቃል አይናገርም፤ እኔን ይበልጥ ያናደደኝ ይህ ነው።