የመግባቢያ ሰሌዳ መስራት ስራ ይሆነኛል ወይ ላልሽኝ እህቴ

ሰላም ነሽ እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ግራፊክ ዲዛይን ተምረሽ ማተሚያ ቤት ትሰሪያለሽ፣ ሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ላለበትና መናገር ላልቻለው ለአክስትሽ ልጅ በስእል እየጠቆመ የሚግባባበት ሰሌዳ ሰራሽለት፣ ትንሽ ቀን ነካካውና ተወው። አሁን የምትጠይቂኝ ይሄ ነገር ሙያ ይሆነኛል ወይ፣ ማን ይቀጥረኛል፣ መጀመሪያ አፕ መስራት ልማር ወይ፣ ስራዬንስ ልልቀቅ ወይ ነው።

ሙያ ይሆናል። አፑ ይቆይ። ስለ ስራሽ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

አፑ ይቆይ የምልሽ ቴክኖሎጂ ጠልቼ አይደለም፣ ታብሌት ቻርጅ ይጨርሳል መብራት ይጠፋል ፀሀይ ላይ ስክሪኑ አይታይም ገላ ሲታጠቡ አይያዝም፣ ለዚህም ነው ውጭ አገር ውድ የሚናገር መሳሪያ ላላቸው ሰዎች ራሱ የወረቀት ሰሌዳ አጠገባቸው ይኑር የሚባለው። ደሞ ምን ቃል የት ይቀመጥ የሚለውን ያላወቀ ሰው አፕ ቢሰራም ያንኑ ችግር ወደ ስክሪን ነው የሚያዛውረው።

እስቲ የላክሽልኝን ፎቶ እንየው። ህትመቱ ያምራል፣ ግን ያሉት ስእሎች ውሃ፣ ዳቦ፣ ኳስ፣ ሽንት ቤት፣ አልጋ ናቸው፣ ሁሉም የእቃና የቦታ ስም። ልጁ ውሃ ሲጠማው እናቱ ፊቱን አይታ ታውቃለች፣ ታዲያ ምን ብሎ ይጠቁም? ማንም የማይገምትለት ሌላ ነገር ነው፦ እምቢ፣ በቃኝ፣ ድገሚው፣ ቆይ፣ የኔ ነው፣ አስጠላኝ፣ ማን መጣ፣ ምን ሆነሻል። እነዚህ ጥቂት ቃላት ናቸው ግን ቀኑን ሙሉ በየቦታው ይሰራሉ። አንድ ደሞ በፍፁም እንዳትረሺ፣ "ልል የፈለግኩት እዚህ ላይ የለም" የሚል ቦታ ይኑረው፣ ያ ከሌለ ልጁ አንቺ ከመረጥሽለት ቃል ውጪ ሀሳብ ያለው መሆኑን እንኳን መናገር አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ሰሌዳውን ከሱ ሌላ ማን ነካው? መናገር የሚችል ህፃን አፉን ከመፍታቱ በፊት ስንት ጊዜ ሲወራ ይሰማል፣ ሰሌዳ ግን ሰጥተን በማግስቱ ጠቁም እንላለን። እናቱም አንቺም ስታወሩት በአፋችሁም እያላችሁ በጣታችሁም እየጠቆማችሁ መሆን አለበት፣ ሳምንታትም ወራትም ሊፈጅ ይችላል። አክስትሽ "ስእል ከለመደ መናገሩን ይተዋል" ብላ ከፈራች ደሞ በዚህ ላይ የተሰሩ ጥናቶች ንግግርን እንደማያግድ፣ እንዲያውም አንዳንዶቹ ላይ ትንሽ እንደሚጨምር ነው ያሳዩት፣ በደንብ አረጋጊያት።

አሁን ወደ ሚያጓጓኝ ነገር ልምጣ። ማንበብ የሚችሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ ስትሮክ ወይ የነርቭ በሽታ ንግግራቸውን የወሰደባቸው፣ ለነሱ የሚያስፈልገው የፊደል ሰሌዳ ነው። እንግሊዝኛው 26 ፊደል ስለሆነ ቀላል ነው፣ የኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ይሄን አንድ ገፅ ላይ ደርድረሽ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጠቁም ብትይው አይሆንም። ሞክሼዎቹን ብታወጪ (ሀ ሐ ኀ አንድ፣ ሰ ሠ አንድ፣ አ ዐ አንድ፣ ጸ ፀ አንድ) 28 ይቀራል፣ ከጎኑ ከ1 እስከ 7 ቁጥር ታደርጊያለሽ፣ ሰውየው መጀመሪያ ፊደሉን ከዛ ቁጥሩን ይጠቁማል። ሰላም ለማለት ሰ 1፣ ለ 4፣ መ 6 ማለት ነው። በ231 ፋንታ 35 ቦታ ብቻ፣ እያንዳንዱም ሰፋ ብሎ። እጅ ጭራሽ ካልታዘዘ አጠገቡ ያለው ሰው ረድፉን ጮክ ብሎ ያነባል፣ የሚፈልገው ጋ ሲደርስ ቅንድቡን ያነሳል፣ ቅንድብ ማንሳት እኛ ጋ ድሮም አዎ ነው። ወይም ደሞ መሀሉ ክፍት የሆነ ግልፅ ፕላስቲክ ላይ ዙሪያውን ፊደሎቹን በቡድን ለጥፈሽ በመሀከላችሁ ትይዢዋለሽ፣ እሱ በአይኑ ያያል አንቺ ከፊት ለፊት አይኑ የት እንደሄደ ታነቢያለሽ። ብቻ ስትሮክ አንዳንዴ ማንበቡንም ስለሚወስድ ለማን የትኛው እንደሚሆን የንግግርና ቋንቋ ቴራፒስት ሳያይ እንዳትወስኚ። የአማርኛ ቅርፁን ግን ማንም ከውጭ መጥቶ አይሰራልንም፣ ያንቺ እድል እዚህ ጋ ነው የሚታየኝ።

ላሚኔት ስታደርጊ የማያብለጨልጨውን ተጠቀሚ፣ አንፀባራቂው መብራት ስር ምኑም አይታይም፣ ጠርዙንም ክብ አድርጊው።

ስእል ከየትም አታውርጂ። የስፔኗ አራጎን ክልል መንግስት የሚያሰራው አራሳክ የሚባል የስእል ስብስብ በነፃ ብዙ ሺ ስእል አለው ግን ፈቃዱ ምንጭ ጠቅሰሽ ለንግድ ላልሆነ ስራ ነው፣ ሽጠሽ ልትኖሪበት ከሆነ አይሆንም። መልበሪ የሚባለው ሌላ የስእል ስብስብ ፈቃዱን እስከጠበቅሽ ድረስ ለንግድም ይሆናል። እንጀራ፣ ምጣድ፣ ነጠላ፣ ሚኒባስ አይነቱን ደሞ ራስሽ ሳይው፣ የራስሽ ሀብት ይሆናል።

ማን ይቀጥረኛል ላልሽው፣ በዚህ ስም የወጣ ክፍት የስራ ቦታ አትጠብቂ። ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ አቅም የለውም፣ የሚከፍሉት ተቋማት ናቸው፦ የኦቲዝም ማእከላት (ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ጆይ የመሳሰሉ)፣ ልዩ ፍላጎት ክፍል ያላቸው ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎች፣ ኤንጂኦዎች። ፕሮፖዛል ስትፅፊ ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያፀደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን አንቀፅ 2 አማራጭ የመግባቢያ ዘዴዎችን በግልፅ እንደሚጠቅስ አስገቢበት፣ ልመና እንዳልሆነ ይገባቸዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና ቋንቋ ቴራፒ ያስተምራል፣ ከዛ የወጡ ልጆች ቁጥራቸው ትንሽ ስራቸው ብዙ ነው፣ አንዷን ፈልገሽ "የምትፈልጊውን አትምልሻለሁ አንቺ አስተምሪኝ" በያት። ለኮዲንግ ኮርስ ያሰብሽውን ጊዜ እዛ አውዪው። ፖርትፎሊዮሽ ላይም የሰሌዳ ፎቶ ብቻ አይበቃም፣ በፊት ምን ማለት አይችልም ነበር አሁን ምን አለ የሚለውን ፃፊ፣ የቤተሰቡን ፈቃድ ይዘሽ፣ የልጁን ፊት ሳታሳዪ።

ስራሽን አትልቀቂ። ደሞዙ ብቻ አይደለም፣ ቁርጥራጭ ወረቀት፣ ላሚኔተር፣ መቁረጫ ያለበት ቦታ ነው ያለሽው፣ አለቃሽን አናግረሽ ከስራ ሰአት ውጪ ለሙከራ እንዲፈቅድልሽ ጠይቂው። ሁለት ተቋም ቋሚ ትእዛዝ ሲሰጡሽና ለወራት ሳያቋርጡ ሲከፍሉሽ ያኔ ፃፊልኝ፣ ስለ መልቀቅ እናወራለን።