ከማታው ወተት የልጆቹ ድርሻ ምን ያህል ይሁን?

ጥያቄው የደረሰን ከደብረ ብርሃን ዙሪያ አንዲት ዲቃላ ላም ከሚያልቡ አርሶ አደር ነው። ላማቸው ጠዋት 5፣ ማታ 3 ሊትር ትሰጣለች። የጠዋቱ ወተት ወደ ማኅበሩ መሰብሰቢያ ይሄዳል፤ የማታው ደግሞ እየተጠራቀመ ይናጥና ቅቤው ገበያ ይወጣል። የ14 ዓመት ሴት፣ የ9 ዓመት ወንድና የዓመት ተኩል ሕፃን ያሏቸው ሲሆን ለልጆቹ የሚደርሳቸው አሬራውና አንዳንድ ቀን ከመሰብሰቢያው ተመልሶ የሚመጣው ወተት ነው። ትልቋ ልጅ «ሆዴን ይነፋኛል» ብላ ወተት መጠጣት ትታለች። ሳይከስሩ ለልጆቹ ምን ያህል ማስቀረት እንደሚችሉና በጾም ወቅት ምን እንደሚያደርጉ ጠይቀዋል።

የተከበሩ አርሶ አደር፣ ከሁሉ በፊት ስሌቱን እንይ። ለሁለቱ ትልልቅ ልጆች በቀን ሁለት ሁለት ኩባያ፣ ማለትም ግማሽ ግማሽ ሊትር፣ ለሕፃኑ ደግሞ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ቢመድቡ በድምሩ 1.4 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ላምዎ በቀን ከምትሰጠው አንድ ስድስተኛው ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ወደ 20 ሊትር ወተት መናጥ ስለሚያስፈልግ፣ የሦስቱ ልጆች የሁለት ሳምንት ወተት በእርስዎ ሒሳብ የአንድ ኪሎ ቅቤ ዋጋ ነው ማለት ነው። ማኅበሩ የሚረከበው የጠዋቱ ወተት አይነካም። እውነቱን ለመናገር፣ ወተቱን አንድም ሳያስቀር ሸጦ ሲመለስ ለልጆቹ ብስኩትና ለስላሳ ገዝቶ የሚገባ አባት በየገበያው ስለማይ፣ ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ማስቀመጡ አይከፋም እላለሁ።

ልጆቹ ድርሻቸውን በተለይ በዚህ ዕድሜ የሚፈልጉበት ምክንያት አለ። ከ9 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ካልሲየም እንዲያገኝ ይመከራል፤ አንድ ኩባያ የላም ወተት 300 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል። አጥንት አብዛኛውን ጥንካሬውን የሚያከማቸው በጉርምስና ዘመን ስለሆነ፣ የ14 ዓመት ልጅዎ «ወተት የሕፃን ነው» ተብላ የምትታለፍበት ጊዜ አይደለም። ቅቤ ከካልሲየምና ከፕሮቲን ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም የሚቀሩት በአሬራው ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅቤውን ሸጠው አሬራውን ለልጆች መስጠትዎ እንደ ጉድለት የሚታይ አይደለም። አሬራው የሚጎድለው ከቅቤው ጋር የሚወጣው ቫይታሚን ኤ ነው፤ እሱን ጎመንና ካሮት ይተካሉ። አሬራውን አሙቀው አይብ ካወጡበት ግን ካልሲየሙ በብዛት ወደ አጓቱ ስለሚሄድ፣ አጓቱን ከመድፋት ይልቅ ሊጥ ቢያቦኩበት ወይም ገንፎ ቢያገነፉበት ይሻላል።

በአሬራው ላይ ያለኝ ስጋት ሌላ ነው፤ ይኸውም ከጥሬ ወተት የተናጠ መሆኑ ነው። የከብት ነቀርሳ (ቲቢ) እና ላም የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ፤ ወተቱ መርጋቱና መኮምጠጡም እነዚህን ተሕዋስያን ለማጥፋት ዋስትና አይሆንም። ነቀርሳው በማእከላዊው ደጋ በዲቃላና በውጭ ዝርያ ላሞች ላይ ከአገሬው ከብት ይበልጥ ስለሚታይ፣ ላሟ ወፍራምና ጤነኛ መምሰሏ ሊያዘናጋዎ አይገባም። እንዲህ ያድርጉ፦ የማታውን ወተት እንደታለበ አጥልለው እስኪገነፍል ያፍሉት፤ እሳቱን ቀንሰው እያማሰሉ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ በእጅ ሲነካ ለብ እስኪል አብርደው፣ በወይራ በታጠነ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ከትናንቱ እርጎ አንድ ሁለት ማንኪያ ጨምረው ያርጉት። ከዚህ እርጎ የልጆቹን ድርሻ ቀንሰው የተረፈውን ቢንጡት ቅቤውም አሬራውም ይገኛል። ዕቃው አፉ ሰፊ ቢሆን ይመረጣል፤ የጀሪካን ውስጥ እጅ ገብቶ ስለማይፈገፍገው ወተቱን ቶሎ ያበላሻል።

ከመሰብሰቢያው ስለሚመለሰው ወተት ጠንከር ብዬ ልናገር። ወተቱ በአልኮል ምርመራ ረግቶ ከተመለሰ ወይ ኮምጥጧል ወይም ላሟ የጡት በሽታ ሊኖርባት ይችላል፤ ማኅበሩ አልቀበልም ያለው ወተት ለልጅ ይበቃል ማለት አይቻልም። በማግስቱ ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያውን ጥቂት እልባት በጥቁር ዕቃ ላይ ጨምቀው ይመልከቱ፤ ጓል፣ ክር የመሰለ ነገር ወይም ደም ካዩ ባለሙያ ይጥሩ። ላሟ መድኃኒት ከተወጋች ደግሞ በብልቃጡ ላይ የተጻፈው የመታቀቢያ ቀን እስኪያልፍ ድረስ ወተቷ አይሸጥም፣ ለልጅም አይሰጥም፤ መድኃኒቱ በማፍላት አይጠፋም። የሻገተ ፋጉሎም ተመሳሳይ ነው፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በወተቱ በኩል ያልፋል፣ እሳትም አይበግረውም።

ያስቀሩትን 1.4 ሊትር ከላሟ መልሶ ማግኘት ይቻላል። ገለባና ድርቆሽ ብቻ የምትበላ ከሆነ፣ ከፉርሽካና ከፋጉሎ የተደባለቀ አንድ ኪሎ መኖ ቢጨምሩላት ሁለት ሊትር ገደማ ልትጨምር ትችላለች። ውኃ ደግሞ በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር ትፈልጋለች፤ በእናንተ አገር ቅዝቃዜ የማለዳው ውኃ ስለሚበርዳት ፀሐይ ሲሞቅ ደግመው ያቅርቡላት። ለልጆቹ ብለው የጥጃዋን ድርሻ ግን አይቀንሱ።

ትልቋን ልጅ በተመለከተ፣ ከሕፃንነት በኋላ የወተትን ስኳር የመፍጨት ኃይል በብዙ ሰው ላይ ስለሚቀንስ የሆድ መነፋቱ እንግዳ ነገር አይደለም። እርጎ ሲረጋ ከስኳሩ ከፊሉ ስለሚበላ ለሆድ ይቀላል፤ ከምግብ ጋር በግማሽ ስኒ ጀምራ ቀስ በቀስ ትጨምር። ተቅማጥ ወይም ክብደት መቀነስ ከተከተለ ግን ጤና ጣቢያ ትታይ።

በጾም ቀን ትልልቆቹ ልጆች ከጤፍ እንጀራ፣ ከሰሊጥና ከጎመን ካልሲየሙን በከፊል ያገኛሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ገበያው ስለሚቀዘቅዝ፣ ትርፉን ወተት ንጠው ቅቤውን ማንጠርና ለፋሲካ ማቆየት ይችላሉ። የሚያሳስበኝ የዓመት ተኩሉ ሕፃን ነው፤ «ዕቃችን በፍስክ እንዳይነካ» ተብሎ ብቻ ወተት የሚቋረጥበት ቤት ጥቂት አይደለም። ለእርሱ የብቻው ትንሽ ድስትና ኩባያ ይለዩለት፣ ዕቃውም ለብቻው ታጥቦ ለብቻው ይቀመጥ። ወተቱን በሻይ አቅጥነው አይስጡት፤ ሻይ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ከሰውነቱ ያግድበታል። ከ400 ሚሊ ሊትር ብዙ እንዲያልፍም አያድርጉ፤ ሆዱ በወተት ከሞላ ገንፎውንና ፍትፍቱን ይተዋል፣ ወተት ደግሞ ብረት የለውም ማለት ይቻላል።