ቤቢ ፔጊ ያገኘችው ገንዘብ የት ደረሰ?
በሕፃንነቷ ዝነኛ የነበረችው አሜሪካዊት ተዋናይት ቤቢ ፔጊ በድምፅ አልባ ፊልሞች ያገኘችው ገንዘብ ለራሷ ተርፏት እንደሆነ ለጠየቁት፣ መልሱ አልተረፋትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 የተወለደችው ቤቢ ፔጊ (እውነተኛ ስሟ ፔጊ ጂን ሞንትጎመሪ) ሁለት ዓመት ሳይሞላት ካሜራ ፊት ቆማ፣ በሳምንት ስድስት ቀን እየሠራች ወደ 150 የሚጠጉ አጫጭር አስቂኝ ፊልሞችን ሠርታለች። እንዲያውም በ1923 በወጣ አንድ ፊልም የእሳት ትዕይንት ሲቀረጽ፣ ልትወጣበት የታሰበው በር በእሳት በመያያዙ በመስኮት ዘላ ነው ያመለጠችው። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን አባቷ በክፍያ ምክንያት ከአምራቹ ጋር ተጣልቶ በ1925 ሥራዋ መቋረጡና ገንዘቧም በወላጆቿ እጅ መባከኑ ነው። የሕፃናት ተዋንያንን ገቢ የሚጠብቀው የካሊፎርኒያ ሕግ የወጣው በ1939፣ እርሷ ካደገች በኋላ ነበር። ኋላም ዳያና ሴራ ኬሪ በሚል ስም የፊልም ታሪክ ጸሐፊ ሆና፣ በ2020 በ101 ዓመቷ አርፋለች።