አሠልጥኜያት ጥላኝ ብትሄድስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሀበሻ ልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ሰባት ሠራተኞች አሉኝ። ሁለቱ ቅድና የማሽን ጥልፍ በደንብ ቢሠለጥኑልኝ ደንበኞቼ ለሠርግ ልብስ አዲስ አበባ ድረስ አይሄዱም ነበር። ግን የማሠልጠኛ ብር የለኝም። መንግሥት ይደግፋል ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው? ደግሞ አምና አንዷን በራሴ ወጪ አስተምሬያት ሦስት ወር ሳይሞላት ሌላ ቤት ገባች። እስካሁን ያንገበግበኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ገብቶኛል። እኔም አዘዞ ብረታ ብረት ቤት በነበረኝ ጊዜ አንድ ጎበዝ ልጅ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሥራ እንዲማር ልኬው ነበር። ክፍያውን ቻልሁ፤ ደመወዙንም አልቆረጥሁም። ተመልሶ በሁለተኛው ወር «ጋሼ፣ ልለቅ ነው» አለኝ። ለረጅም ጊዜ አኩርፌው ኖርሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ተምሮ ሲመጣ ያስጨበጥሁት ያንኑ የድሮውን መበየጃ ነበር። የአሉሚኒየም መቁረጫ አልገዛሁም። ደመወዙም ያው ነው። አዲስ ሙያ ይዞ ምን ሊሠራበት ይቀመጥ?

ስለዚህ ልጆቹን ከመላክሽ በፊት ሲመለሱ በየትኛው ማሽን እንደሚሠሩና ደመወዛቸው ስንት እንደሚሆን ንገሪያቸው። በቃል ብቻ አይሁን፣ ጻፊው።

አሁን ወደ ድጋፉ። አዎ፣ አለ። ነገር ግን በአብዛኛው ጥሬ ብር አይደለም፤ የሚሰጠው በሙያ ነው። ኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ይሉታል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አሠልጣኞች ራሳቸው ወደ አነስተኛ ድርጅቶች ወርደው የሚሰጡት አገልግሎት ነው። መጀመሪያ ክፍተትሽን ያያሉ። ከዚያ በሙያ ክህሎት፣ በሥራ ፈጠራ፣ በካይዘን (ብክነትን እየቀነሱ አሠራርን ቀስ በቀስ ማሻሻል ነው) እና በቴክኖሎጂ ያግዛሉ። ለአንቺ ትልቁ ጥቅሙ ልጆቹ በራስሽ ማሽን፣ በራስሽ ጨርቅ ላይ መማራቸው ነው።

ንግድ ፈቃድሽንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽን ይዘሽ በክፍለ ከተማሽ ወደ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም ሄደሽ ጠይቂ። «ሥልጠና ስጡኝ» ብቻ ብለሽ እንዳትመለሺ። «የወገብ ልኬት ይሳሳቱብኛል፣ ከአሥር ቀሚስ ሁለቱ ለእርማት ይመለስብኛል» በያቸው። እንዲህ ቁርጥ አድርጎ የሚናገር ሰው ቶሎ ይረዱታል።

ጊዜውንም ምረጪ። ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ ሥራ ሲበዛብሽ ማንንም አታሠለጥኚ። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ የለም፣ ትዕዛዝ ይቀንሳል። ለሥልጠና እሱ ነው ጊዜው። ኮሌጁን ግን ቀደም ብለሽ፣ ኅዳር ላይ አናግሪ።

ሌላም አለ። የኮሌጅ ተማሪዎች ለትብብር ሥልጠና፣ ማለትም ሙያውን ሥራ ላይ ሆነው እንዲለማመዱ፣ በየድርጅቱ ይመደባሉ። አንድ ሁለቱን ተቀበይ። ልጆቹ ሥራ ይለምዳሉ፣ አንቺም ነገ የምትቀጥሪውን ቀድመሽ ታያለሽ።

ለሥልጠና ብለሽ ግን አትበደሪ። ብድር ከወሰድሽ ለጥልፍ ማሽኑ ይሁን። ማሽኑ ሠርቶ ዕዳውን ይከፍላል።

ስለ መልቀቅ ደግሞ ሕጉን ልንገርሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። በግድ ማስቀረት የለም። ያወጣሽውን ገንዘብ በተመለከተ ቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ሠራተኛዋ በጽሑፍ ካልተስማማች በገዛ እጅሽ ከደመወዟ ቆርጠሽ እንዳታስቀሪ። ተስማምታም ቢሆን በወር የሚቆረጠው ከደመወዟ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የልጆቹን የምስክር ወረቀት መያዣ አድርጎ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍም በጣም ነውር ነው። አንዳንድ ቤት ስላየሁት ነው የምነግርሽ።

ልጆቹ ሲበቁ የብቃት ምዘና አስፈትኛቸው። ሙያውን የትም ይማሩት የት መመዘን ይችላሉ። ወረቀቱ የእነሱ ነው። ለአንቺ ደግሞ ደንበኛ ሲገባ ግድግዳው ላይ ኮፒውን ያየዋል።

የአምናዋ ልጅስ አሁን የት ናት? ጎንደር ካለች ጠርተሽ ቡና አጠጫትና ለምን እንደሄደች ጠይቂያት። እኔ ያንን ልጅ ሳልጠይቀው ስንት ዓመት አለፈ።